በሬው አይሸጥም

የሥራ ባልደረቦቼ፣ የአርብ ገበያ ሰዎች፣ እንኳን ለጡረታ ሽኝቱ በደህና መጣችሁ። እዚያ ጥግ ላይ "ይቺ ልጅ ምን ልትል ነው?" እያሉ የሚቁነጠነጡት መምህር ይርዳውም እንኳን ደህና መጡ። ቁጭ ብለው ይስሙ! ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

መምህር ይርዳው እዚህ ከተማ የገቡ ዕለት እኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበርኩ። ታሪኩን የነገሩኝ ጸሐፊያችን እትዬ አዛለች ናቸው። ክረምት ነው፤ ያመጣቸው መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ኮምፒውተር ደግሞ መኪናው ላይ ነው። መምህር ጋቢያቸውን አውልቀው ኮምፒውተሩን ጠቀለሉት፤ ቃሬዛ ላይ አስተኝተው ለጎረምሶች አሸከሙት። መንገደኛው ሁሉ መንገድ እየለቀቀ "እግዜር ይማረው!" ይላል። እሳቸውም "አሜን!" እያሉ ይሄዳሉ። አንዲት ባልቴት ቀርበው "ምኑን ነው ያመመው?" ቢሏቸው፣ "መብራት ሲመጣ ይታወቃል፣ እማማ" አሉ። ሴትዮዋ ጸበል ሊረጩት ሲሉ መምህር ዘለው መሀል ገቡ፤ "ኧረ ይቅርበት! ጠብታ ከነካው አለቀለት!" ባልቴቷ ወደ ኋላ አፈገፈጉና "ጋኔን ነዋ ያለበት!" አሉ። እውነትም ያ ኮምፒውተር እስኪሞት ድረስ በተከፈተ ቁጥር ይጮህ ነበር።

አመላቸውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። "የመመለሻውስ?" ይላሉ። ተማሪ "እገሌ ዩኒቨርሲቲ መግባት እፈልጋለሁ" ሲላቸው "የመሄጃውን መሳፈሪያስ አገኘህ፤ የመመለሻውስ?" ነው መልሳቸው። የሒሳብ መምህራችን እንዳልካቸው የእጮኛውን ፎቶ ያሳያቸው ቀን እንኳን መነጽራቸውን አስተካክለው አይተው "ቆንጆ ናት። የመመለሻውስ?" አሉት። ይኸው አግብቶ እስካሁን አልተመለሰም!

የምክር አገልግሎት ቢሮ ተሰጥቷቸው ነበር። ቁልፉ እስከ ዛሬ እንደ አዲስ ነው፤ ምክንያቱም የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚያማክሩት አርብ አርብ ገበያ መሀል ነው። "ወላጅ ቢሮ ና ቢሉት አይመጣም፤ ገብስ ሊሸጥ ግን ይመጣል" ይላሉ። ጆንያ ላይ ተቀምጠው ልጁንም አባቱንም ጠርተው፣ "አንድ በደስታ የሚያስዘልልህ ጻፍ፤ ከዚያ ለውጤትህ የሚመጥኑትን ጻፍ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቢደርስህ የማያስለቅስህን ጻፍ" ይላሉ። አንዱ ተማሪ ከክፍሉ ጎበዝ ልጅ ምርጫ ሲገለብጥ ቢይዙት "ውጤቱንም አብረህ ገልብጠሃል?" ብለው ገበያተኛውን ሁሉ አስቀውበታል።

አሁን ስለ ራሴ ላውራ። እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ካልተማርኩ ብዬ ቤቱን ያመስኩ ልጅ ነበርኩ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉም በጋራ ይማራል፤ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚገባው ከዚያ በኋላ በውጤት ተወዳድሮ ነው። አንድ ዘመዳችን "ባይደርሳትስ? አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ ከፍላችሁ በቀጥታ ትግባ" አለ። እኔ በደስታ አበድኩ። አባቴ አቶ ምንይችል አርብ ሲደርስ፣ ለክፍያው ሊሸጥ የሚያርስበትን በሬ ፈትቶ ወደ ከብት ተራ ነዳ፤ እኔም ተከተልኩት።

መምህር ይህን ሲሰሙ ነው የሮጡት። እኒህ ሰው፣ ደወል ተደውሎ እንኳን የማይቸኩሉት ሰውዬ፣ በበርበሬው በኩል፣ በእንሥራው መሀል፣ እየሮጡ! የከብት ነጋዴው አቶ ታጁ ዋጋ ጨርሰው ገመዱን ይዘዋል።

"በሬው አይሸጥም!"

አቶ ታጁ ግራ ገባቸው፤ "በሬው የእርስዎ ነው እንዴ፣ መምህር?"

"በሬው የኔ አይደለም። ልጅቱ ግን ተማሪዬ ናት!"

አባቴ "ምነው መምህር፣ ልጄ እህል ውሃ አልቀምስም ብላለች እኮ" አለ።

"የዘንድሮውን በበሬው ከፈልክ እንበል። የከርሞውን በምን ልትከፍል ነው? በምን አርሰህ?"

እዚያው ከብት ተራ ውስጥ ተቀመጥን። አቶ ታጁ፣ አላህ ይስጣቸው፣ ገመዱን ለአባቴ መልሰው እሳቸውም ተቀመጡ። አገር የዞሩ ሰው ናቸውና የየከተማውን መሳፈሪያና ኑሮ እየነገሩን ምርጫዬን ሠራን። የሚያስዘልለኝ አዲስ አበባ፣ የሚመጥነኝ ባሕር ዳር፣ የማያስለቅሰኝ ደብረ ታቦር። በሬውም አጠገባችን ቆሞ ያመሰኳል።

ምደባው ሲወጣ የደረሰኝ ደብረ ታቦር ነበር። የማያስለቅሰኝ ብዬ የጻፍኩት! እንዴት እንዳለቀስኩ እናቴ ትንገራችሁ። ለመምህር ስልክ ደወልኩላቸው። "አልቅሺ" አሉኝ፤ "ግን ሻንጣሽን እያዘጋጀሽ አልቅሺ። የመጀመሪያውን ዓመት በደንብ ከሠራሽ ኮምፒውተር ሳይንስ አይቀርብሽም።" አልቀረብኝም። ቅርብ ስለሆነም በየበዓሉ ቤቴ እየመጣሁ፣ አባቴም በበሬው እያረሰ ስንቅ እየላከልኝ ተመረቅሁ። ዛሬ ከእሳቸው ጋር በአንድ የመምህራን ክፍል ተቀምጬ ሻይ የምጠጣ የአይሲቲ መምህርት ነኝ!

መምህር ይርዳው፣ አመሰግንዎታለሁ። ከልቤ ነው። የልጅ ሕልም ሰምተው ያልሳቁ፣ የአባት ጓዳ አይተው ያልናቁ ሰው ነዎት። አባቴ ይኸው እዚህ ተቀምጧል፤ ንግግር አይወድም። ዛሬ ጠዋት "ለመምህር ምን ልበልልህ?" ስለው "ሌላው ሰው ወይ ልጅህን ወይ በሬህን ነበር ያለኝ። እሱ ሁለቱንም ይዘህ ግባ አለኝ። እንዲሁ በይልኝ" አለ።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሡ! ጠላ የያዘም፣ ብርዝ የያዘም፣ እንደ አቶ ታጁ ለስላሳ የያዘም። ዕድሜዎ ይርዘም፣ ጉልበትዎ አይድከም፣ የልጅ ልጅ ታቅፈው ይሳሙ። የዘንድሮው ውጤት ወጥቷል፤ ከፊታችን አርብ ጀምሮ ጆንያው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አደራ፣ ለልጁ ትምህርት ብሎ የእርሻ በሬውን ወደ ከብት ተራ የሚነዳ አባት ካያችሁ ጥሩኝ። እሮጣለሁ።

ለመምህር ይርዳው!