ለቀይ ጽሑፍ የተላከ ሽማግሌ

ስልኬን ላሠራ ጭሮ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው የአብዱናስር ክፍል ስሄድ፣ በሩ ላይ ኦቦ ዓሊዩን አገኘኋቸው። ከቦኬ በሚኒባስ የመጡ፣ አንድ ዙርባ ጫት የያዙ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ አገር ሽማግሌ ጫት ይዞ ደጅ ከቆመ ወይ ልጅ ሊጠይቅ ነው፣ ወይ ይቅርታ ሊለምን። አብዱናስር ደግሞ እህት የለውም።

አብዱናስር ኮምፒውተር ተምሮ የተመለሰ ጎበዝ ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ለጤና ጣቢያ የሚሆን መተግበሪያ ይሠራል፤ አንዲት እናት ሕመሟን በኦሮምኛ ስትናገር ለነርሷ በአማርኛ የሚያስረዳ። ማንም የሚያውቀውን ቃል በድረ ገጻቸው እንዲልክላቸው ጥሪ አድርገዋል። ጥሪው መልካም ነበር፤ ገጹ ግን ከባለሙያ በቀር ለማንም የማይገባ የእንግሊዝኛ ጉድ ነው።

ኦቦ ዓሊዩ ሰላምታውን አድርሰው ሲያበቁ ነገሩን ቀስ ብለው አስረዱ። የወንድማቸው ልጅ ሰዓዲያ፣ አዋላጅ ከሆነች እናቷ የሰበሰበቻቸውን የሕመም ስሞች ስትልክ «ቢልድ ፌይልድ»፣ ግንባታው ከሸፈ እንደማለት፣ የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣባት። የሁሉንም ልፋት ያፈረሰች መስሏት ከዚያ ወዲህ አንገቷን እንደደፋች ናት።

«ልጅቷ አጥፍታለች፤ አፉ በላት» አሉት።

አብዱናስር ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ እኔን ግን አንገበገበኝ። ምንም እንዳልተበላሸ፣ ፋይሉን ያለቦታው ስላስቀመጠችው ብቻ ማሽኑ እንዳልተቀበላት ነገራቸው።

«ታዲያ ለምን እንዲህ ብሎ አልነገራትም?»

«የሙያው ቋንቋ ነው፣ ኦቦ ዓሊዩ። እኛም ተቸግረን ነው የተማርነው። መሥራት የፈለገ ይማረው።»

አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። «የጠራኸው ባለሙያ አይደለም፣ የእናቷን ቃል የምታውቅ ልጅ ናት» አልኩት። «ጥፋቱን ብቻ የነገርከው ሰው ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ አይመለስም።» እሱም በተራ ቃል ቢጻፍ እንደሚንዛዛ፣ ባለሙያ እንደሚንቀው ተከራከረኝ።

ሽማግሌው በትዕግሥት ሰምተውን ሲያበቁ፣ «እኔ ሰው ሳስታርቅ ምን እንዳጠፋና በምን እንደሚክስ ለይቼ እነግረዋለሁ» አሉ። «ሳልነግረው ካሰናበትኩት ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ።»

አብዱናስር ይህ ገባው። «እሺ፣ ትላክልኝ፤ እኔ ራሴ ቦታው አስገባዋለሁ» አለ።

«ሰርዛዋለች። ሌላ ነገር እንዳያበላሽ ብላ ከስልኳም አጥፍታዋለች።»

«እናቷን መልሳ ትጠይቃታ!»

«አላህ ይዘንላትና፣ በረመዳን ቀበርናት» አሉ ኦቦ ዓሊዩ።

አብዱናስርም ጫቱን ተቀብሎ፣ ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት እሱ እንደሆነ ለሽማግሌው ነገራቸው። ያን ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ቀዩን ጽሑፍ ሁሉ በአማርኛና በኦሮምኛ ጻፈው፦ «ያበላሹት ነገር የለም። ፋይሉ ያለቦታው ገብቷል። ይህን ተጭነው እንደገና ይላኩ።» ሰው የላከውም ማሽኑ ባይቀበለው እንኳ እንዳይጠፋ፣ እንዲቀመጥ አደረጉ። አሁን ከገለምሶ ነጋዴው፣ ከበደሳ ገበሬው ሳያፍር ይልካል፤ የተሳሳተም አርሞ ይመለሳል፤ ነርሷም የእናቶችን ሕመም በስሙ ታውቀዋለች። ቃል የሚጠፋው ባለቤቱ ሲሞት ብቻ አይደለም፤ ሊሰጠን መጥቶ አሳፍረን ስንመልሰውም ነው። ምነው ቀድሞ ገብቶን ቢሆን!

ሰዓዲያም ያስታወሰችውን ላከች፤ ጥቂት ነው። ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ፣ «እናቴ ብትኖር ታርመው ነበር» ብላ ጽፋለች።