የአረንጓዴው በር ሕንጻ ንዝረት

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሁለት የምህንድስና ተማሪዎች ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ጀለሴ፣ የክረምቱ ምርምር እንዴት ነው?»

«ሊያባርሩኝ ነው ባክህ። ልደታ፣ አረንጓዴ በር ያለው ሕንጻ ምድር ቤት የተከልኩት የንዝረት መለኪያ ጠዋት ጠዋት ምት ይመዘግባል። ምክንያቱን ካላገኘህ ቦታህን ለሌላ ተማሪ እንሰጣለን አሉኝ።»

«ጄኔሬተር ይሆናላ!»

«አጥፍተን ሞከርነው። ሦስት ከባድ ምት፣ ከዚያ አንድ ቀላል።»

አጠገባቸው የተቀመጡት አሮጊት ዞር አሉ።

«ቀላሉማ ዘነዘናውን ሙቀጫው አፍ ላይ ስታራግፍ ነው፣ ልጄ።»

«ማን፣ እማማ?»

«ጎረቤቴ አስካለ። ቤቷ እዚያ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በርበሬ ትወቅጥ ነበር።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ሰፈሩ ሳይፈርስ ሞተች።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

«በርበሬው ገና አልደቀቀም በላቸው።»

አረንጓዴው በር ጋ ስንደርስ፣ ቤቴ እዚያ ሆኖ ሳለ፣ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩ።