በመኪና የመጣችው ጀልባ

ወረታ ኬላ ላይ ምን ተገትሮ ባይ ጥሩ ነው? ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭና የመጣች የሸራ ጀልባ! ባለቤቷ የጅቡቲ ሰው፣ ሽማግሌ ናቸው፤ ጣና ላይ ሰንብተውባት ሊመለሱ ነው። የኬላው ኃላፊ ግን "እንደ ሸቀጥ ሙሉ ቀረጥ ካልተከፈለባት ወደ መጣችበት ትመለስ" ብሏል። ኃላፊውን አውቀዋለሁ። የዘመዱን ጭነት ሳልፈትሽ አላሳልፍም ስላልሁት ከዚሁ ኬላ ያባረረኝ እሱ ነው። መሄድም መቆምም አቃተኝ። ማሳው በየክረምቱ በጣና ውሃ የሚጥለቀለቅበት አንድ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ "ክረምቱን ጠብቁ፣ ውሃው ራሱ መጥቶ ይወስዳታል" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። አላስቻለኝም።

ኃላፊውን ጠጋ ብዬ "ተመልሳ የምትወጣ የግል ጀልባ እኮ ዋስትና ይያዝባታል እንጂ ቀረጥ አትከፍልም" አልሁት። "አንተን ማን ጠየቀህ!" ብሎኝ ወደ ቢሮው ገባ። ጥቂት ቆይቶ ወጣና "በዋስትና ትለፍ" አለ፣ ራሱ እንዳሰበው ሁሉ። ሽማግሌው የኃላፊውን እጅ ጨብጠው አልለቅም አሉ። ሾፌሩ እየተረጎመ "እንዲህ ያለ ሕግ አዋቂ በመንገዴ ሁሉ አላጋጠመኝም ይላሉ" አለው። "ሥራችን ነው" አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። ጀልባዋ ወደ ጣና ሄደች። እኔን ያባረረኝ ቀን የሰደበኝ "ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ" ብሎ ነበር።