ከበሩ ጀርባ ያለው ክምር

ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ጎረቤቴን፣ ጡረታ የወጣውን የደን ጠባቂ፣ ከደጃፉ ላይ አገኘሁት። ባለቤቱን ከሐኪም ቤት ይዞ መመለሱ ነበር፤ ቀኝ እጃቸው በጀሶ ታስሮ ካንገታቸው ተንጠልጥሏል። ነርስ የሆነችው ልጃቸው ፊቷን አጥቁራ ከኋላ ትከተላለች።

«ምን አገኛችሁ?» አልሁ።

«ምንም አይደል፤ ዕቃ አደናቅፏት ነው» አለ ጎረቤቴ።

«የምን ዕቃ? የአባባ ዶማ ነው እንጂ!» አለች ልጅቱ። «ይግቡና በዓይንዎ ይዩት ጋሼ።»

ልግባ ብል በሩ ከግማሽ በላይ አልከፈት አለኝ። ከጀርባው ድንኳኑ፣ የመኝታ ከረጢቱ፣ ዶማው፣ አካፋው፣ ገመዱ፣ ጭቃ የደረቀበት ቦቲ ጫማና የዝናብ ካፖርቱ ተደራርበው እስከ ወገቤ ደርሰዋል። ድንኳኑ ሳይደርቅ ስለተጠቀለለ የሻጋታው ሽታ ያፍናል። ደሜ ፈላ። ለዱር እንስሳት መተላለፊያ ሲያስከብር የኖረ ሰው ለገዛ ሚስቱ መተላለፊያ ይከለክላል?

«አባባ፣ ዛሬ ይህ ሁሉ ከግድግዳው ላይ ይሰቀላል» አለች ልጅቱ።

«አይሰቀልም! ብያለሁ።»

«ወዳጄ» አልሁት፣ «ምክንያቱ ያልተነገረ እምቢታ ላንተ ዕድሜ አይመጥንም።»

ካፖርቱን ከክምሩ ላይ አንሥቶ ደረቱ ላይ አቀፈው። «የአባቴ ዕቃ የተሰቀለው ከቀብሩ በተመለስን ዕለት ነው፤ የአጎቴም እንዲሁ። በኛ ቤት ዕቃው መሬት ላይ ካለ የዕቃው ጌታ ነገ ወደ ጫካ ይወጣል ማለት ነው፤ እኔም ገና ቅዳሜ እወጣለሁ። ደንብ ልብሴን ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ተቀበለኝ። ይህን ደግሞ እናንተ በቁሜ ልትሰቅሉት?»

ሐዘኑ ገባኝ፤ ቁጣዬ ግን አልበረደም። «ታዲያ ያንተ በሕይወት መኖር እንዲታወቅ እሳቸው ይሰበሩ?»

«ይተዉት እባክዎ» አሉ ባለቤቱ ከወንበራቸው ላይ። «እሱ የተጋባው ከዶማው ጋር ነው፤ እኔ ሚዜ ነበርሁ።»

ልጅቱ አልሳቀችም። «እሺ አባባ፣ አሁን ይወጣሉ እንበል። ገመዱን ያውጡልኝ።»

ጎንበስ ብሎ ጎተተ። ክምሩ ተናደ፤ ቦቲው ከእግሬ ሥር ወደቀ። ገመዱ በመጨረሻ ሲወጣ መካከሉ ሻግቶ ነበርና በእጁ ላይ ተበጠሰ።

«በዚህ ታስረው ነበር ቅዳሜ ገደል ሊወርዱ ያሰቡት?» አለች። «የሞተውስ እዚህ ሥር የተቀበረው ነው፣ አባባ!»

የተበጠሰውን ጫፍ አገላብጦ አየው። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «ሚስማር አለሽ?» አላት።

ከተበጠሰው ገመድ ምትክ በቀር አዲስ ነገር አልተገዛም። የአሮጌ አልጋ ሳንቃ ከግድግዳው ጋር አያያዝን፤ ሚስማርም መታንበት። ዶማና አካፋ ስለታቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ ከጥግ ቆሙ። አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ የጣለችው ሣጥን የመኝታ ከረጢቱን ያዘ፤ የድንኳኑ ካስማዎች በባዶ የወተት ቆርቆሮ ገቡ፤ ጭቃማው ቦቲ ከአሮጌ ባልዲ ውስጥ ተቀመጠ። ድንኳኑ ግን በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ድረስ ወደ ቤት እንዳይገባ ልጅቱ አዘዘች። የካፖርቱን ሚስማር ጎረቤቴ ራሱ፣ በትከሻው ልክ፣ ከበሩ አጠገብ መታው።

አንባቢ ሆይ፣ ቤት የሚጠበው በግድግዳው ማነስ ብቻ አይደለም፤ ያገለገለን ዕቃ ወርውረን ስለምናልፍም ነው። እርጥቡን አድርቆ፣ ስለታሙን ከመንገድ አርቆ፣ ሁሉን በሚታይበት ቦታ ለማኖር ሀብት አያስፈልግም። ዕቃው ዕድሜ ያገኛል፤ ፈላጊው አይደክምም፤ የቤት ሰው ሳይሰጋ ይራመዳል። ይህን ቸል እያሉ በሰው አጥንት መሰበር «ምንም አይደል» ማለት ነውር ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ደጃቸውን አንኳኳሁ። ባለቤቱ በግራ እጃቸው በሩን ሲገፉት እስከ ግድግዳው ተከፈተ።

«ጎረቤቴ አለ?»

«ሚስማሩን አያዩትም?» አሉኝ እየሳቁ። ካፖርቱ አልነበረም። «አዲሱን ገመድ ይዞ ወጥቷል።»