የኻልቲ ዘሃራ እልልታ

እልልታ ማስረጃ ያበላሻል ብላችሁ ታስባላችሁ? እዚህ ሱዳን፣ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ባለው የሰነድ ትርጉም ቢሮዬ ውስጥ ነው ያየሁት። ሰልማ የጨቅላ ሕፃናት ነርስ ናት፤ አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ፣ ኻልቲ፣ ማለትም አክስቴ፣ የምላቸው ዘሃራ፣ የወሎ ሴት። በሙያዋ ካናዳ ለመግባት ልታመለክት ነው። ሆስፒታሉ የሸለማት ሸሃዳ የሚሉት የምስክር ወረቀት ግን «ምስጋና ይገባሻል» ከማለት በቀር ሌላ ነገር የለበትም። «በምን እንደተሸለምሽ ካልተጻፈ ብዙም አይጠቅምሽ» አልኳት። «መድረክ ላይ ተነግሯል፣ ዩማ ቀርጻዋለች» ብላ እናቷ የቀረጹትን ቪዲዮ ስልኳ ላይ ከፈተች። የክፍሏ ኃላፊ ስሟን ጠርተው ምክንያቱን ማንበብ ሲጀምሩ የኻልቲ እልልታ ተነሣ፤ ንባቡ እስኪያልቅም አላባራ። አብረዋት መጥተው ነበርና፣ «ኻልቲ፣ ምናለ ትንሽ ቢታገሡ?» ብላቸው፣ «ልጄ በሰው ፊት ስትጠራ አፌን ልዝጋ?» ብለው ተቆጡኝ።

ኃላፊዋ ጋ ደወልን፤ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ሴትዮዋ ሳቁ። «እናቷ አላስነብብ ያለችኝ ሰልማ? ኢንሻላህ ነገ ጽፌ እሰጣታለሁ» አሉና ያን ቀን ያነበቡትን ደገሙልን። መብራት ጠፍቶ የመተንፈሻው ማሽን ሲቆም፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ሰልማ አንዱን ጨቅላ በእጇ አየር እየሰጠች አትርፋዋለች። ኻልቲ ይህን ሲሰሙ ገና የመጀመሪያቸው ነበር። አሁንም እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ የተከናነቡትን ቶብ ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንዲህ ከሆነች ታዲያ፣ ሆስፒታሉ ለምን ዝም ብሎ ይለቃታል?»