ከሶሮ የመጡት እንግዳ አዳኝ

ክቡር ግራዝማች ወንዳፈረው፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የጽሕፈት ቤታችን ባልደረቦች፤

ይህን የጡረታ መሸኛ ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ለበሬው ያዋጣችሁ፣ ቆጮውን ከጃጁራ ድረስ ያስመጣችሁ፣ ይባርካችሁ። ጠጁን የጣሉት ወይዘሮ ትርፊት ናቸው፤ ዛሬ በርትቶባቸዋል። ከአፌ የሚወጣው ነገር ከከበዳችሁ ግማሹን ጥፋት በእሳቸው ላይ፣ ግማሹን በእኔ ላይ አድርጉት።

ወላጆቼ ስሜን ቸኮል አሉኝ። መንግሥትም ቸኮል የሚባል ሰው ፈልጎ የአደን ፈቃድ ክፍል ውስጥ አስቀመጠኝ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ከስሜ በቀር የቸኮለ ነገር አላየሁም።

ቅድም አቶ ሽብሩ ስለ እኔ ሲናገር «ታማኝ፣ ትሑት፣ ስሕተት የማይገኝበት» አለ። አመሰግናለሁ ሽብሩ። የቀብሬ ዕለት የምትለውን በቁሜ ስለሰማሁት ደስ ብሎኛል። ስሕተት የማይገኝበት ያልከውን ግን ትንሽ ቆይተህ ሳትሰርዘው አትቀርም።

ሁላችንም የምናውቀው፣ ማናችንም የማናነሣው ነገር አለ። ሰኞ ጠዋት ታይፒስታችን ጣቢታ ከአዲስ አበባ በመጡት መርማሪዎች ፊት ትቀርባለች። ፈቃድ ቁጥር ዐሥራ ሰባትን በሐሰት ጽፋለች ተብላ ነው። ከሥራ መባረሩ ቀላሉ ነው፤ ወህኒም አለበት። ያችውላችሁ ጥጉን ይዛ ተቀምጣለች። እየበላች ነው እንዳልል ሳህኗ እንደቀረበላት ነው።

ስለዚህ የወጣትነት ታሪኬን ትቼ ስለ ፈቃድ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ልናገር።

የአደን ደንባችን ሰውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ነዋሪ እና ነዋሪ ያልሆነ ብሎ። ነዋሪ ያልሆነው ከባሕር ማዶ የሚመጣው እንግዳ አዳኝ ነው። ላንድሮቨሩን በራችን ላይ ያቆማል፣ ከአዲስ አበባ የያዘውን ደብዳቤ ያወጣል፣ ሻዩ ሳይበርድ ፈቃዱ እጁ ይገባል። ነዋሪው ግን የጭቃ ሹም ምስክርነት፣ የባለርስት ስምምነት፣ የጠመንጃ ወረቀትና የመልካም ጠባይ ማስረጃ ያመጣል። መልካም ጠባይ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ለማሟላት ሲመላለስ ጠባዩ ይበላሽና እንደገና ይጀምራል።

እንግዳ አይከበር አላልኩም። ሙሴ እያልን የምንጠራውን ያን ፈረንሳዊ ታስታውሱታላችሁ? ድንኳን ተከልንለት፣ በግ ነዳንለት፣ መንገድ መሪ ሰጠነው፣ የግራዝማችን በቅሎ ጫንለት። ጉማሬውን ገደለ፣ እግሩን ጭኖበት ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ጥርሱን ነቅሎ ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም። በአስተርጓሚ «እኛ የምንከፍለው አራዊቱን ይጠብቃል» አለኝ። ሐሰት አይደለም። ሁሉም ደስ ሲለው እየተነሣ ቢተኩስ፣ አባቶቻችን ያዩትን ዝሆን እኛ እንዳጣነው፣ ልጆቻችንም ጉማሬን በስም ብቻ ያውቁት ነበር። ደንብ መኖሩን አልጠላም። የጠላሁት ለማን እንደሚቸኩል ነው።

ሙሴው በሄደ በወሩ አቶ ጠና ላምባሞ መጡ። ዛሬ አቶ እላቸዋለሁ። ያኔ ግን በዕድሜ ታላቄ የሆኑትን ሰው «አንተ» እያልኩ ነበር የማናግራቸው፤ እሳቸው «ጌቶች» ይሉኛል። ከሶሮ፣ ከጊምቢቹ ቁልቁል ወርደው ኦሞ ዳር ነው የሚያርሱት። ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘዋል።

«ጌቶች፣ ጉማሬ በቆሎዬን ጨረሰው» አሉኝ።

«ማመልከቻ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው አትንካው። ጉማሬ ለመግደል ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«በቆሎዬን እንዲበላስ ለእሱ ፈቃድ የሰጠው ማነው?» አሉኝ።

ሳቅሁባቸው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ነው ያደግሁት፤ ጉማሬም እንደማይከሰስ ሆሳዕና መጥቼ ተማርኩ። ግራዝማች፣ አይገላምጡኝ፤ የተናገርኩት ስለ ጉማሬ ነው።

አቶ ጠና አምስት ጊዜ ተመላለሱ። የጭቃ ሹሙን ምስክርነት አመጡ። የባለርስቱን ስምምነት ከየት ያምጡት? ባለርስቱ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። እኔ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ የማውቀው ፊርማቸውን ነው።

አሁን የምናገረው አያስቅም። የአቶ ጠና ታናሽ ወንድም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጉማሬ በጦር ወግቶ ሰባት ወር ታስሯል። የክሱን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁም ጽሕፈቴ አምሮ ስለነበር ተመስግኜበታለሁ። አቶ ጠና ይህን ያውቁ ነበር። አምስት ጊዜ ሲመላለሱ አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ።

በአምስተኛው «ዘንድሮም እህሉን ካጣሁ ልጆቼን ይዤ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ መሰደዴ ነው» ብለው ሊነሡ ሲሉ አስቀመጥኳቸው። ደንቡን ከመሳቢያ አወጣሁ። እዚሁ ይቅርና፣ ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራበት አንብቤው አላውቅም ነበር። ከእናንተስ ያነበበው ማን ነው? እንደጠረጠርኩት ነው፤ ሁሉም ሳህኑን ያያል።

አንቀጹ እንዲህ ይላል፤ «ነዋሪ ማለት በአውራጃው ውስጥ በስሙ የሚገብርበት መሬት ያለው ሰው ነው።»

«በስምህ የምትገብርበት መሬት አለህ?» አልኳቸው።

«የለኝም። እህሉም ለጌታዬ ነው፣ ግብሩም በጌታዬ ስም ነው።»

«እንግዲህ በሕጉ አንተ እዚህ አገር አትኖርም።»

«አባቴስ?»

«አባትህም አልኖረም።»

«ሰባት ቤት አያቶቼ እኮ የተቀበሩት እዚያው ነው።»

«ሞተው ይሆናላ። አልኖሩም።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ እኔም ሳቅሁ። ያን ዕለት በቢሯችን ውስጥ ሕግን ያስተዋለ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ተመልከቱ። እዚህ አገር አንድ ሌሊት አድረው የማያውቁት ባለርስት ነዋሪ ናቸው። እዚህ ተወልደው፣ እዚህ አርሰው፣ ስምንት ልጅ እዚህ ያሳደጉት አቶ ጠና ነዋሪ አይደሉም። ነዋሪ ካልሆኑ ደግሞ እንደ ሙሴው ሻዩ ሳይበርድ ፈቃድ ይገባቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈረንጁ እኩል ሆኑ፤ እኩል ያደረጋቸውም መሬት ማጣታቸው ነው።

ረቂቁን በእጄ ጽፌ ለጣቢታ ሰጠኋት። «ነዋሪ ላልሆኑት ለክቡር እንግዳ አዳኝ ለአቶ ጠና ላምባሞ» ይላል። ጣቢታ ያደገችው ሚሲዮን ነው፤ አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ ቸኮል፣ እኔ የማውቀው አዳኝ አንድ ጌታ ነው። አቶ ጠና ደግሞ የእናቴ ጎረቤት ናቸው፤ እንግዳ አይደሉም።»

«አንቺ ጻፊው፤ ሕጉን እኔ አንብቤዋለሁ» አልኳት። ታዝዛ ጻፈች። ጥፋቷ ይኼው ነው፤ አለቃዋ አንብቤያለሁ ሲላት ማመኗ።

ወረቀቱን በእንግዶች ፋይል ውስጥ አስገባሁት። ግራዝማች፣ ይቅር ይበሉኝና፣ የእንግዶችን ፋይል እርስዎ ቆመው ነው የሚፈርሙት። ፈረሙ። ማኅተም ተመታ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ፤ ለእንግዳ አዳኝ የሚደረገው ሁሉ በልማድ ይደረጋልና። ለጭቃ ሹሙ «ክቡር እንግዳ ስለሚመጡ በክብር ተቀበሉ» የሚል ደብዳቤ ሄደ። ድንኳንና ሁለት በግ ተጭኖ ኦሞ ዳር ወረደ።

«እንግዳው የታሉ?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ጠና።

«ከየት መጡ?» አሉ፣ እያወቋቸው ለወጉ።

«ከዚያች ጎጆ።»

ጭቃ ሹሙ ደብዳቤውን ገልብጠው አዩት። ማኅተሙ የመንግሥት ነው። ድንኳኑን ከጎጆዋ አጠገብ ተከሉና በጉን አብረው በሉ። አቶ ጠና በነጋታው ጉማሬውን ገደሉ። ፎቶግራፍ አልተነሡም። ዘንድሮ ቤታቸው በቆሎ አለ፤ ልጆቻቸውም አልተሰደዱም።

ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርት ላክን። «ነዋሪ ያልሆኑ አዳኞች ሁለት፤ አንዱ ከፈረንሳይ፣ አንዱ ከሶሮ።» ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣውን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ሶሮ የተባለው መንግሥት በየትኛው አህጉር እንደሚገኝና ኤምባሲው የት እንደሆነ ባስቸኳይ ይገለጽልን» ይላል። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የደነገጠው።

ከዚያስ ምን ሆነ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። በወረቀቱ ግርጌ በታይፕ የተመታው የጸሐፊዋ የጣቢታ የስም ምልክት ነው። ግራዝማች ሳያውቁ ፈርመዋል ተባለ። ረቂቁ ጠፋ ተባለ። እኔም ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ጡረታዬን ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። የጡረታ ደብዳቤዬ እስካሁን አልተፈረመም፤ ግራዝማች ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህችን ልጅ በየማለዳው «እንደምን አደርሽ» እላት ነበር። እሷም ትመልስልኝ ነበር። ጣቢታ፣ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ረቂቁ አልጠፋም። ይኸው በኪሴ ነው። ከእሱ ጋር ትናንት የጻፍኩት የእምነት ቃሌ አለ፤ ስሜ፣ ፊርማዬና ቀኑ ሰፍሮበታል። ሽብሩ፣ እባክህ ለግራዝማች አቀብልልኝ። ግራዝማች፣ ይህን እንኳ ሳያነቡ እንዳይፈርሙ።

ሰኞ ጠዋት ከጣቢታ ጎን እቆማለሁ። መርማሪዎቹን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። አቶ ጠና ነዋሪ ናቸው ወይስ አይደሉም? አይደሉም ካሉ ፈቃዱ ትክክል ነው፤ የዋሸም የለም። ናቸው ካሉ ደግሞ በጽሑፍ ይስጡን። ነዋሪ ማለት መሬት ያለው ሰው ነውና መሬታቸው የቱ እንደሆነ አብረን እንጠይቃለን። ጡረታዬን ይከልክሉኝ፤ ይህችን መልስ ግን ሳልሰማ ከዚህ ከተማ አልሄድም። ከእናንተ መካከል ሰኞ ሥራ የሚበዛበት ሰው እንደሚበዛ አውቃለሁ። የማይበዛበት ሁለትም ሦስትም ሰው ቢገኝ በሩ ላይ ይቁምልን።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ግራዝማች፣ ዕድሜና ጥሩ መነጽር ይስጥዎት። ሽብሩ፣ በእኔ ወንበር የምትቀመጠው አንተ ነህና የመቸኮልን ጸጋ ይስጥህ። ወይዘሮ ትርፊት፣ እጅዎ ይባረክ። ጣቢታ ልጄ፣ የምትጽፊው ሁሉ እውነት፣ የሚያዝዝሽም ሁሉ ሰው ይሁን። ሁላችሁንም በጤና ያኑራችሁ፣ የልጆቻችሁን ወግ ያሳያችሁ።

ለአቶ ጠና ላምባሞ የምለምነው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግዚአብሔር በአገራቸው ነዋሪ ያድርጋቸው።