የእንስሳት ተንከባካቢው በታናሽ ወንድሙ ጉዳይ የሰጠው ቃል

ምስክር፦ የቤተ ሙከራ እንስሳት ተንከባካቢ (ስሙ በጥያቄው መሠረት ለብቻው ተይዟል)
ዕድሜ፦ 56
አድራሻ፦ ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ክፍል 9
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20 ሰዓት

በዚህ ቤተ ሙከራ አይጦች ስንከባከብ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አይጦቹን መርፌ የሚወጋው ቴክኒሻን የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። ለምኜ ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ። ጥናቱ አነቃቂ መድኃኒት ተደጋግሞ ሲሰጥ በአንጎል ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን አይጧ ትንሽ ትሯሯጣለች። በአሥረኛው ቀን ያው መጠን ሲሰጣት ግን አንዲት ጥግ እያሸተተች፣ ራሷን እየነቀነቀች ትውላለች፤ ምግብ ቢቀርብላት ዞር ብላ አታይም። ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር እንዳስረዱኝ፣ ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ንጥረ ነገር በየጊዜው ከልክ በላይ ስለሚለቀቅ አንጎሉ ራሱ ይለወጣል፤ መድኃኒቱ ቢቆምም ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም።

ከሁለት ወር በፊት ወንድሜ ምሳ መብላት ተወ። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ የመድኃኒት ሚዛኑን እየፈታ መግጠም፣ መልሶ መፍታት ጀመረ። ሚዛኑ ምንም ብልሽት አልነበረውም። ጥርሱንም ያፋጫል። ይህን በአይጦቹ ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከመድኃኒቱ ይወስድ እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ጭራሽ ከአይጥ ቆጠርከኝ?» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ አለቀሰና እንደሚተው በእናታችን ማለልኝ። አምኜው አይደለም ዝም ያልኩት። ብናገር ከሥራ ይባረራል፤ ባልናገር እሱ ራሱ ሊያልቅብኝ ነው። የቱ እንደሚሻል ስቆርጥና ስተው ሁለት ሳምንት አለፈ።

ትናንት ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የእንስሳት ክፍሉን ስከፍት ወንድሜን ወለል ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የመድኃኒቱ ካዝና ተከፍቷል። ሚዛኑ ተፈታቶ ብሎኖቹ በመደዳ ተደርድረዋል። እጁን ነክሶ አድምቶታል። ተነስ ቤት እንሂድ አልኩት። «ይቺን ብቻ ልግጠም» አለኝ። ልጎትተው ስሞክር ገፈተረኝ፤ በክፋት ሳይሆን እንዳላየኝ ሆኖ ነው። ሲጨርስ ይነሳል ብዬ አጠገቡ ተቀምጬ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አቀበልኩት። ገጥሞ ጨረሰ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ መልሶ መፍታት ጀመረ። በዚህ ጊዜ አምቡላንስም ፖሊስም ጠራሁ።

ካዝናውን ማን እንደከፈተ ተጠይቄ ወንድሜ ነው ብያለሁ። ይህ ቃል ተነብቦልኝ እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። «ወንድሜ» የሚለው በሙሉ «ተጠርጣሪው» ተብሎ እንዲታረም ተጠይቄ አልተስማማሁም።

የምስክሩ ፊርማ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ________